ከምርቃት በኋላ፣ ከሥራ ልምምድ በፊት፦ ለአዳዲስ የእንስሳት ሐኪሞች
(በላሊበላ ከተማ ለተመራቂ ተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለእንግዶች የቀረበ የሕዝብ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት በሥርዓተ ትምህርታችን ውስጥ ቦታ ስላልተሰጠው ጊዜ ነው። ተማሪው ካባውን መልሶ፣ ፎቶግራፉን ተነሥቶ፣ ወደ ትውልድ ቀዬው ይመለሳል። የልምምድ ቦታው ወይም የቅጥር ደብዳቤው እስኪደርሰው ድረስ ሁለት ወር፣ ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰውዬው ተማሪ አይደለም፤ ሠራተኛም አይደለም። እናቱ ግን ለጎረቤት «ዶክተር መጣ» ብላለች።

ስለዚህ ጊዜ የሚሰጡ ምክሮች በአብዛኛው የታወቁ ናቸው። እንግሊዝኛችሁን አሻሽሉ፣ ኮምፒዩተር ተማሩ፣ የሥራ ማመልከቻ አዘጋጁ ይባላል። ሁሉም ትክክል ነው፤ ከእኔ የተሻሉ ሰዎችም ስለሚነግሯችሁ አልደግመውም። ወደ ኮምቦልቻው የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ ወይም ወደ ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ሄዶ አሠራሩን ለማየት ፈቃድ መጠየቅም መልካም ነው፤ ቢበዛ የሚደርስባችሁ «አይቻልም» መባል ብቻ ነው። እኔ የምናገረው ግን መርፌ ሳይያዝ ስለሚሠራ ሥራ ነው። አንድ የእንስሳት ሐኪም በሙያ ዘመኑ ሁሉ በሽተኛ እንስሳ ይመጣለታል። ጤነኛ እንስሳ ግን ወደ ክሊኒክ አይመጣም። ጤነኛውን በእርጋታ ለማየት፣ ባለቤቱንም ሳይቸኩሉ ለማዳመጥ የሚበቃ ጊዜ የሚገኘው ምናልባት በዚህ በመጠበቂያው ወቅት ብቻ ነው። እኔ ይህን ጊዜ አግኝቼ አባክኜዋለሁ። እንዴት እንዳባከንሁት መናገር ይገባኛል።

በ1980ዎቹ ከደብረ ዘይት ተመርቄ ወደ ላስታ ደጋ ስመለስ የምደባ ደብዳቤዬ አልደረሰም ነበር። በተመለስሁ በሳምንቱ አንዲት ባላቸው የሞተባቸው ጎረቤታችን አስጠሩኝ። አንዲት ቄብ በጋቸው ራሷን ወደ ግራ አዘንብላ በአንድ ቦታ ትዞራለች፤ ግድግዳ ሲያጋጥማት በግንባሯ ተደግፋ ትቆማለች። ሴትዮዋ «ልጄ፣ ይቺ አዙሪት ይዟታል። ሥጋዋ ሳያልቅ ልረዳት ወይስ ልሽጣት ብዬ ነው የጠራሁህ» አሉኝ። የጠየቁኝ ይህን ብቻ ነበር፤ መድኃኒት አልጠየቁኝም።

እኔ ግን ከመማሪያ መጽሐፌ የማስታውሰው በአንጎል ላይ የሚወጣ የባክቴሪያ በሽታ፣ ሊስቴሪዮሲስ የሚባለውን ነበር፤ እሱም ያዞራል። ሴትዮዋ «አዙሪት» ማለታቸውን እንደ ተራ የገበሬ አነጋገር ቆጠርሁት። ገንዘባቸውን ተቀብዬ ከከተማ አንቲባዮቲክ ገዛሁና አምስት ቀን ወጋኋት። በጓ ከሳች፤ መብላት አቆመች፤ በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተች። ወደ ገደሉ ተጎትታ ተጣለች። በማግሥቱ በዚያ ሳልፍ ሦስት ውሾች በጭንቅላቷ ሲጣሉ አይቼ አልፌአለሁ። ያን ቀን ምንም አልመሰለኝም።

ተማሪዎቼ እንደምታውቁት በቀላሉ መለየት ነበረብኝ። ሊስቴሪዮሲስ ፈጣን ነው፤ ትኩሳት አለው፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን የፊት ጡንቻዎችን ያሽመደምዳል፤ ጆሮ ይወድቃል፤ ምራቅ ይዝረከረካል፤ በግ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትሞታለች። ሴትዮዋ ግን በጓ መዞር ከጀመረች ሦስት ሳምንት እንደሆናት ነግረውኝ ነበር። ሙቀቷን አልለካሁም። የራስ ቅሏን በአውራ ጣቴ አልደባበስሁም። በወጣት በግ ላይ የአዙሪት ቋጠሮ ሲያድግ ከበላዩ ያለው አጥንት ሳስቶ በጣት ሲጫኑት ሊረግብ ይችላል፤ ይህንንም እረኞች ያውቁታል። ከዓመታት በኋላ መምህር ሆኜ ከተማሪዎች ጋር የአንዲት በግ ራስ ቅል ስንከፍት ውሃ የሞላበት ስስ ከረጢት፣ በግድግዳው ላይም ሩዝ የመሰሉ ነጫጭ ነጥቦች ተሰባስበው ሳይ፣ የመጣችብኝ ያቺ ቄብ በግ ነበረች። የሴትዮዋን ገንዘብ አልመለስሁላቸውም። ይቅርታም አልጠየቅኋቸውም። በዚያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም።

ይህን ስናገር ስሕተቴ የተሳሳተ ምርመራ ብቻ ነበር ብላችሁ እንዳታስቡ። ከዚያ የከፋው የውሾቹ ነገር ነው። አዙሪትን የሚያመጣው ትል ሙሉ አካል የሚሆነው በውሻ አንጀት ውስጥ ነው። ውሻ ቋጠሮ ያለበትን የበግ አንጎል ከበላ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ እንቁላሉን ከዓይነ ምድሩ ጋር በግጦሹ ላይ መበተን ይጀምራል። እንቁላሉ በእርጥበትና በቅዝቃዜ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ የላስታ ደጋ ደግሞ እርጥበትም ቅዝቃዜም አያጣም። በግ ያን ሣር ስትግጥ ትሉ በደም ተጉዞ አንጎል ይደርሳል፤ ምልክቱ የሚታየው ግን ከወራት በኋላ ነው። እንግዲህ በዚያ ገደል የበሉት ሦስት ውሾች በተከታዩ ዓመት የስንት ሰው በግ እንዳዞሩ አስቡት። እኔ አምስት መርፌ ከመውጋት ይልቅ አንድ ጉድጓድ ብቆፍር ኖሮ ለቀበሌው የተሻልሁ ሐኪም በሆንሁ ነበር። ጉድጓድ ለመቆፈር ደግሞ ፈቃድም ምደባም አያስፈልግም።

ስለዚህ ለምትጠብቁበት ጊዜ የማቀርብላችሁ የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው። አብዛኞቻችሁ የምትጠብቁት ከክረምት እስከ ገና ባለው ጊዜ ነው። በዚህ ውስጥ እንቁጣጣሽ አለ፤ መስቀል አለ፤ ገና አለ። ገና በላሊበላ ከንጉሡ የልደት በዓል ጋር ታኅሣሥ 29 ስለሚከበር ከየሀገሩ የሚመጣው ምእመን ብዛት ታውቁታላችሁ፤ ያን ሁሉ እንግዳ የሚያስተናግደው ቤተሰብም በግ ያርዳል። በብዙ ቤት የበጉ ጭንቅላት ለውሻ ይጣላል፤ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበትም እንዲሁ። ይህ ሁለተኛው ቋጠሮ የሌላ ትል ነው። ሰውንም ይይዛል፤ ከውሻ ጋር የሚጫወቱ ሕፃናትንም በጉበታቸውና በሳንባቸው ውስጥ እየቋጠረ ያሠቃያል። በበዓል ዋዜማ በዘመዶቻችሁና በጎረቤቶቻችሁ ቤት እየዞራችሁ ጭንቅላቱ ተቀቅሎ እንዲበላ ወይም በጥልቅ ጉድጓድ ተቀብሮ ድንጋይ እንዲጫንበት መጠየቅ ትችላላችሁ። ድንጋዩን አትርሱ፤ ውሻ ይቆፍራል። ጉበቱንና ሳንባውን ደግሞ በእጃችሁ ይዛችሁ እዩት። የጉበት ትል በቱቦዎቹ ውስጥ እንደ ቅጠል ተጣጥፎ የሚገኝበትን፣ የሳንባ ትል በታችኛው የሳንባ ጫፍ የሚተወውን ጠባሳ፣ በዕቃ ማሳያ መስታወት ውስጥ ሳይሆን ትኩሱን እያያችሁ ዓይናችሁን አሠልጥኑ። እኔ እስከማውቀው ድረስ አራጁን ካከበራችሁት ማንም አይከለክላችሁም። በአንድ የበዓል ጠዋት የምታዩት በአንድ መንፈቅ ትምህርት ካያችሁት ሊበልጥ ይችላል።

እግረ መንገዴን፣ ውሾቹን ቁጠሯቸው። በቀበሌያችሁ ስንት ውሻ እንዳለ፣ ስንቱ ባለቤት እንዳለው፣ ስንቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንዳገኘ የሚናገር ወረቀት በየትኛውም ጽሕፈት ቤት እንደምታገኙ አልጠብቅም። ከእረኛ ጋር ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚወጡት ውሾችም አሉ። ያ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን በዓለም ላይ ከ500 ያነሱ ብቻ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከሚኖሩባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። በባሌ ተራሮች የእብድ ውሻ በሽታ ከውሾች ተሻግሮ ቀይ ቀበሮዎችን በተደጋጋሚ ፈጅቷል። በአቡነ ዮሴፍ ያለው ቁጥር ትንሽ ስለሆነ አንድ ወረርሽኝ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ሥራ ጤነኛ መንጋ መከተል ነው። አንድ መንጋ ምረጡ፤ የአባታችሁ ቢሆን ይመረጣል። የበግ ሙቀት ከ38.5 እስከ 39.5 ዲግሪ፣ እስትንፋሷ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 እንደሆነ ለፈተና አጥንታችኋል። ነገር ግን ውርጭ ባደረበት ጠዋት ከጉሮኖ ስትወጣ ስንት ነው? እኩለ ቀን ላይ ገደሉን ወጥታ ስትቆምስ? ከወለደች በማግሥቱስ? አንድ ቴርሞሜትርና አንድ ደብተር ይዛችሁ ተመሳሳይ አሥር በጎችን በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት ብትለኩ፣ የዓይናቸውን ሽፋን ቀለም ብትጽፉ፣ ወገባቸውን ደባብሳችሁ የሥጋቸውን ሁኔታ ከ1 እስከ 5 ብትሰጡት፣ በሦስት ወር ውስጥ በየትኛውም መጽሐፍ የማይገኝ የዚህን ደጋ ልክ ታገኛላችሁ። በተለይ የዚህ አካባቢ የሆነውንና «ጥቁር» በሚል ስም የሚታወቀውን የበግ ዝርያ ለምታገኙ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ከረግረግ የጋጡት የትኞቹ እንደሆኑም መዝግቡ። የጉበት ትል የሚያመጣው ጉዳት በጎቹ በጋጡበት ቀን አይታይም፤ በበጋ፣ መኖ ሲያጥር፣ አገጫቸው ሥር ውሃ ቋጥሮ ይታያል። ያኔ ባለቤቱ «የበጋው ድርቅ ገደላቸው» ይላል፤ ደብተራችሁ ግን መስከረምን ያስታውሳል።

ጫማ የሚያረጥብ ሥራ ነው። ከእረኛ ልጅ ጋር መዋልም ለአንድ ዶክተር ነውር የሚመስላቸው አሉ። እረኛው ግን የትኛዋ በግ ከመንጋው ኋላ እንደምትቀር ከእናንተ ቀድሞ ያውቃል።

ስለ ቅዳሜ ገበያ ብዙ አልናገርም። ከእንስሳት ተራ ቁሙና ጥርስ ማየት ተማሩ። ሻጩን «ለምን ትሸጣታለህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ የመጀመሪያውን መልስ አትመኑ።

በቅሎዎቹን ግን ልዝለላቸው አልችልም። ወደ አሸተን ማርያም፣ ወደ ነአኩቶ ለአብ ወይም ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ እንግዳ የሚያወጡት በቅሎዎች የዚህ ከተማ ገቢ አካል ናቸው። ከኮቪድ ጀምሮ በጦርነቱም ዓመታት ጎብኚ ሲጠፋ ባለቤቶቹ ምን ያህል እንደተቸገሩ የከተማው ሰዎች ከእኔ ይልቅ ትናገራላችሁ፤ የባለቤቱ ገቢ ሲደርቅ የበቅሎዋ መኖም ይደርቃል። የከሳች በቅሎ ጀርባ ደግሞ ኮርቻውን መሸከም አይችልም፤ ከአጥንቷና ከኮርቻው መካከል የነበረው ሥጋ ስለሌለ ገጣባ ትሆናለች። እናንተ ቁስሉን ብቻ ሳይሆን የቁስሉን ቦታ አንብቡ። ከትከሻው መካከል ከፍ ብሎ ያለ ቁስል ኮርቻው አከርካሪዋን እንደሚነካ ይነግራችኋል፤ በጎን ያለው የጭነቱ ሚዛን እንደተዛባ፤ ከጅራት ሥር ያለው ጠፍሩ እንደጠበቀ ወይም በላብና በቆሻሻ እንደደረቀ። ቅባት ከመስጠታችሁ በፊት የኮርቻውን ሥር ገልብጣችሁ እዩ፤ በአከርካሪው ግራና ቀኝ ድልድል አድርጉ፤ መካከሉ ክፍት ይሁን። ይህን ከበቅሎ ባለቤቱ ጋር ቁጭ ብሎ በመርፌና በክር መሥራት ይቻላል። ከቤተሰቡ ጋር የሚያርስ ሰውም በበሬው ጫንቃ ላይ በቀንበሩ የሚመጣውን ቁስል በዚሁ መንገድ ያንብብ። ገቢ ስለሌላችሁ እርሻ ላይ መዋል ግድ ከሆነባችሁ፣ ጊዜያችሁ እንደባከነ አትቁጠሩት፤ እኔ ያን ጊዜ ሞፈር መጨበጥ አፍሬ ቤት መዋሌን አሁንም እቆጭበታለሁ።

አሁን ስለ ማዳመጥ ጥቂት ልበል፤ ይህን የምለው ለጨዋነት ብዬ እንዳይመስላችሁ። የቀንድ ከብት ደስታ በሽታ በ1880ዎቹ መጀመሪያ በሀገራችን የገባው ለጣሊያን ጦር በምፅዋ በኩል ከመጡ ከብቶች ጋር ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ ከብቶች አብዛኛውን ጨርሶ ሕዝቡ ክፉ ቀን ብሎ የሚጠራውን ረኃብ አስከትሏል። የሚያርስ በሬ በመጥፋቱ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት በመቆፈር ለሕዝቡ ምሳሌ መሆናቸው በታሪክ ተጽፏል። ይህ በሽታ ከ100 ዓመት በላይ ቆየ። በመጨረሻ የተደበቀው በአፋር አርብቶ አደሮች ዘንድ ነበር፤ ለሙቀት የሚሳሳ ክትባትም፣ በመኪና የሚሄድ የክትባት ቡድንም እዚያ አልደረሰም። መፍትሔ የተገኘው ሙቀትን የሚቋቋም ክትባት ለራሳቸው ለአርብቶ አደሮቹ በማሠልጠን ሲሰጥ፣ ሐኪሞችም ተቀምጠው ከሽማግሌዎቹ በሽታው መቼና በየት እንዳለፈ ሲጠይቁ ነው። ሽማግሌዎቹ በሽታውን ከሌሎች በሽታዎች ለይተው ስም ሰጥተውት ያውቁት ነበር። የመጨረሻው ወረርሽኝ በሀገራችን የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ በ2008 ኢትዮጵያ ነፃ መሆኗ ተረጋገጠ፤ በ2011 ደግሞ በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ይህ ነው። አሁን ዓለም የበግና የፍየል ደስታ በሽታን እስከ 2030 ለማጥፋት ዕቅድ ይዟል። በዚህ ዘመቻ የምትሳተፉት እናንተ ናችሁ፤ ቃላቱን አሁን ካልሰበሰባችሁ መቼ ትሰበስባላችሁ? በቀበሌያችሁ አባሰንጋ፣ አባጎርባ፣ አዙሪት ሲባል በትክክል የትኞቹን ምልክቶች ማለታቸው እንደሆነ ጠይቃችሁ ጻፉ። ስሙ ከሸለቆ ሸለቆ ይለያያል፤ አንዱ ስም ሁለት በሽታ ሊይዝም ይችላል። መድኃኒታቸውንም ጻፉ፦ ለአልቅት የሚጨምሩትን ትምባሆ፣ ለሆድ መነፋት የሚያጠጡትን ግራዋ፣ በብረት የሚተኩሱትን ቦታ። የማትስማሙበትንም ጻፉ፤ ለመከራከር በኋላ ጊዜ አላችሁ።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ እርሱም የሚከብደው ነው። በየቀኑ «ዶክተር፣ ይቺን ላም አንዴ ውጋልኝ» ትባላላችሁ። የሚጠይቃችሁ አጎታችሁ ይሆናል፤ ያሳደጋችሁ ጎረቤት ይሆናል። የሙያ ፈቃድ ገና በእጃችሁ የለም። በሱቅ የሚሸጠው መድኃኒት ከየት እንደመጣና በምን ሙቀት እንደተቀመጠ አታውቁም። ከወጋችሁ በኋላ ወተቱና ሥጋው ለስንት ቀን እንደማይበላ ብትናገሩ እንኳ ድሃ ቤት ያንን ወተት አይደፋም። እምቢ ማለት ደግሞ «ትምህርት አኮራው» ያሰኛል። እኔ የምመክራችሁ እምቢ ብላችሁ እንድትሄዱ አይደለም። ሙቀቷን ለኩ፣ ታሪኳን ጠይቁ፣ የምታዩትን በወረቀት ጻፉና ከባለቤቱ ጋር ሆናችሁ እስከ ወረዳው ክሊኒክ ሂዱ። ክሊኒኩ ሩቅ ነው፤ መድኃኒት ላይኖረው ይችላል፤ በቅርብ ዓመታት የተጎዳም አለ። ይህን አውቃለሁ። ቢሆንም በመንገዱ ላይ ከባለቤቱ የምትሰሙትና ክሊኒኩ ውስጥ የሚሠራው ባልደረባችሁ የሚያያችሁ ማየት፣ በጓሮ ከምትወጉት መርፌ ይበልጥ ይጠቅማችኋል። ድንገተኛ ሞት ካያችሁ፣ በተለይ ከአፍንጫና ከፊንጢጣ ያልረጋ ጥቁር ደም ካለ፣ በድኑን አትክፈቱ፤ ሌላም እንዳይከፍት፣ ሥጋውም እንዳይከፋፈል ከልክሉና ያንኑ ቀን ለወረዳው አሳውቁ። አባሰንጋ ያለ ፈቃድ ያለውንም ባለፈቃዱንም አይለይም።

ደብተራችሁ ሲሞላ አንድ ቅጂ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ስጡ፤ አንዱን ለእኔ ላኩልኝ። ከእናንተ በፊት በነበሩት ዓመታት ሦስት ተማሪዎች እንዲህ ያለ ደብተር አምጥተውልኛል። ከመካከላቸው አንደኛዋ የቆጠረችው የእናቷን ቀበሌ ውሾች ብቻ ነበር፤ በትምህርት ክፍላችን አሁንም ለአዲስ ተማሪዎች የማሳየው እርሱን ነው። መጪው ገና ሊደርስ ነው፤ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ጭንቅላት የቀበራችሁ ካላችሁ፣ ስንት እንደቀበራችሁና ከየትኛው ቤት እንደሆነ ጻፉልኝ።

 ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይ ከቀበሌ የመጣችሁ አባቶችና እናቶች፣ እናንተ ቀድማችሁ ጠይቁ።